ከገማቹ የሸሸግኩት ገበና

ሽታ ባለጌ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። ባለፈው ዓመት የበረዶው ወራት ሲጀምር፣ በሰፈራችን የመዝናኛ ማዕከል አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን ሳራግፍ የወለል ሰም ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። ያው የጥንቱ ሰም ነው። ወለሉን የሚወለውሉት ሰዎች ስንቴ ተቀያይረዋል፣ ግድግዳው ስንቴ ተቀብቷል፣ ሰሙን ግን የነካው የለም። የመጣሁት ስለ ከተማው በጀትና ስለ ቤት ግብር ነዋሪው ይወያይ ተብሎ ስለተጠራ ነበር፤ ስመጣም በንዴት ተሞልቼ ነበር። ሰሙ ሲሸተኝ ግን ንዴቴን በር ላይ ጥዬ ወደ ኋላ፣ ጸጉሬ ጥቁር ወደነበረበት ዘመን ተንሸራተትኩ። ተንሸራተትኩ ስል ለወግ አይደለም፤ ጫማዬ ረጥቦ ስለነበር በእውነትም ልወድቅ ነበር። በር ላይ የቆመች ፈረንጅ ክንዴን ለቀም አደረገችና፣ "ተጠንቀቁ፣ ወለሉ ያንሸራትታል" አለችኝ። ዘግይታለች። ይህን ማለት የነበረባት ቤት ልገዛ የተፈራረምኩ ለታ ነው።

ያኔ እዚህ አዳራሽ መጀመሪያ ስገባ ቡናማ ኮርዱሮይ ኮት ለብሼ ነበር። የኮቱ ትከሻ ከእኔ ትከሻ በጣም ይሰፋል፤ ቀድሞ ኮቱ ይገባል፣ ከኋላ እኔ እከተላለሁ። ሱሪዬ ከታች ሰፊ ነበር። ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል፣ ወሬው ግን እኔ ዘንድ አልደረሰም። ኮቱን ያመጣችልኝ ወደ ጌታ የሄደችው ባለቤቴ አስካለ ናት፤ ሎንግ ስትሪት ላይ ካለ ያገለገለ ልብስ መሸጫ በሁለት ዶላር ገዝታ፣ ከፊት ከኋላ አዙራ አየችኝና፣ "አሁን ሰው መሰልክ" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ምን እመስል እንደነበር አልጠየቅኳትም። ያ የሎንግ ስትሪት ጥግ ዛሬም በህልሜ ይመጣል። በአንድ በኩል ጸጉር ቤት አለ፤ ጸጉር የሚቆረጡት ጥቂት፣ የሚያወሩት ብዙ። ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ አስካለ መጋረጃ ለመምረጥ ከገባች እኔ ጺሜ እስኪያድግ ደጅ እቆማለሁ። ከዚያ ዓሣ ጠባሹ፤ ዓሣው ከዳቦው ተርፎ በሁለቱም ወገን እንደ ክንፍ ይንጠለጠላል፣ ዋጋው ከዶላር ብዙም አያልፍም፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጥህ ቀለሙ እጅህ ላይ ታትሞ የዓለምን ወሬ ይዘህ ትገባለህ። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች ነበር። ዘፈኑ ከመኪና መስኮት ነበር የሚወጣው፤ መኪናው ገና ጥግ ላይ ሳይደርስ የቤታችን መስታወት በዘፈኑ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ የአስካለ ካሴት አለ፤ ክሩ በተጠላለፈ ቁጥር በእርሳስ እያጠነጠንኩ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ በትክክል የጠገንኩት ነገር ቢኖር ያ ካሴት ነው። ዛሬ በዚያ ጥግ የውሻ ብስኩት ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቷል፤ የአንዱ ብስኩት ዋጋ ያን ጊዜ ከነበረው የእኔ ምሳ ይበልጣል።

ሰው በሚፈራው በኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ቤት ልንገዛ ነው ስንል ያገራችን ሰው አዘነልን። ያኔ ሁሉም ትንሽ ገንዘብ ሲይዝ ወደ ዌስተርቪል፣ ወደ ሣሩ ወደ ጸጥታው ነበር የሚሸሸው። በቸርች የጸሎት ርዕስ ሆንን። "ወንድማችን ይልማንና እህታችን አስካለን ጌታ ይጠብቅልን" ተብሎ እጅ ተጭኖብን ነው የተፈራረምነው። ቤቱ የጡብ ነው፤ ሰፊ በረንዳ አለው፣ ደረጃው ስትወጣበት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፣ ዛሬ አብረን እናቃስታለን። የገዛንበት ዋጋ ዛሬ ልጄ ቤዛ ከምትነዳው መኪና ያንሳል። መኪናዋ ደግሞ በረንዳ የላትም።

ወደዚህ አዳራሽ ያመጣኝ ሚስተር ሄንሪ ነበር። አጠገባችን የሚኖር፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ፣ ጫማውን እንደ መስታወት ወልውሎ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሬዲዮ እያዳመጠ ጠራኝና፣ "አንተ፣ መንገዳችን ላይ መብራት እንደሌለ አስተውለሃል?" አለኝ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ለማን ነገርክ?"

"ለባለቤቴ።"

ሳቀና ሬዲዮውን ዘጋ። "የከተማው ሰዎች ሰኞ አዳራሹ ይመጣሉ፤ በጀት ሲያወጡ የሚሰሙት የሚጮኸውን ነው። ኮት አለህ?" አለ። ኮቴን ለበስኩ። በአገሬ ስብሰባ የተጠራሁ ጊዜ ሁሉ ሥራዬ ከኋላ ተቀምጦ ማጨብጨብ ነበር፤ እጅ አውጥቶ "ይህ ይደረግልኝ" ማለት እንዳለ የተማርኩት ከሄንሪ ነው። ተምሬም አላረፍኩ። መብራት ለመንኩ። ቀጥዬ የጓሮው መተላለፊያ ይጠገን አልኩ። ዛፍ ይተከልልን አልኩ፣ የአውቶቡስ ማረፊያው መጠለያ ይሠራለት አልኩ፣ ጥጉ ላይ ያለው ባዶ ሕንጻ ይታደስ አልኩ። ዓመት ዓመትን ወለደ፣ ሹማምንቱ ተለዋወጡ፣ እኔና ኮቴ ግን አንድም ስብሰባ አላለፈንም። አስካለ፣ "ይኼ ሰውዬ ያገባው እኔን ነው ማዘጋጃ ቤቱን?" ትል ነበር። ታዲያ እንደ ፈራነው ሳይሆን እንደ ለመንነው ሁሉም መጣ። መብራቱ መጣ፣ አስፋልቱ መጣ፣ ዛፉ አደገ፣ ሕንጻው ታደሰ። ከዚያ የሚያምር ነገር የሚወዱ ሰዎች መጡ። ሄንሪ ካረፈ በኋላ ልጆቹ ቤቱን ሸጡት፤ አሁን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ገብተውበታል፣ ደግ ልጆች ናቸው፣ በሩን የጉበት ቀለም ቀብተውታል። ቤታቸውን የገዙበትን ዋጋ ስሰማ በረንዳዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ በለመንኩት መብራት የእኔም ቤት ዋጋ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። ለሠላሳ ዓመት ያህል እጄን እያወጣሁ፣ "እባካችሁ ግብሬን ጨምሩልኝ" ስል ነው የኖርኩት።

ካውንቲው፣ ማለት የአውራጃው አስተዳደር፣ በየጥቂት ዓመቱ የቤቶችን ዋጋ እንደገና ይገምታል፤ ግብሩ የሚሰላው በዚያ ግምት ነው። ካቻምና በሰመር አንድ ጎልማሳ ገማች አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ እጁ ላይ ታብሌት ይዞ ደጃችን ቆመ። ልብ በሉ፣ ሰውዬው የፈለገው ከውጭ ማየት ብቻ ነው። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አየ፣ በረንዳውን አየ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቆኝ ሊሄድ ነበር። እኔ ግን ያደግኩት ደጅ የደረሰ ሰው ሳይገባ ከሄደ ማንም እንቅልፍ በማይወስደው ቤት ነው። "ግባ" አልኩት። "አያስፈልግም" አለ። "እንዴት አያስፈልግም፣ በዚህ ሙቀት?" አልኩት። "እሺ፣ ለአንድ ደቂቃ" ሲለኝ፣ "ጠብቀኝ" ብዬ ሮጬ ገባሁ።

እዚህ ላይ ስለ ገበና ልንገራችሁ። የእኛ ቤት የሳሎን ግድግዳ በምሥራቅ በኩል ተሰንጥቋል፤ መሠረቱ በዚያ ወገን ወደ ታች እየሰመጠ፣ ስንጥቁ ከኮርኒስ እስከ ወለል እንደ ወንዝ ይወርዳል። ከቤቱ ጋር አብሮ የገዛነው ነው። አስካለ ገና የመጀመሪያው እንግዳ ሳይመጣ በፊት ከዚያች ጨርቅ ሻጭ የጣዎስ ሥዕል ያለበት ሰፊ መጋረጃ ገዝታ ሸፈነችው። "የሰው ገበና የሰው ነው" አለች፤ አለቀ። የኩሽናው ወለል ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ብርቱካን ከጣልክ ፈልገህ የምታገኘው ከፍሪጁ ሥር ነው። በእሱ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አለ። ምድር ቤቱ በዝናብ ጊዜ ውኃ ያስገባል፤ ለእሱ ባልዲዎች አሉ። እንግዳ ሲመጣ ባልዲው ወደ ጓሮ፣ ምንጣፉ ወደ ቦታው፣ ጣዎሱ ቀጥ። አስካለ ከሄደች በኋላም እኔ ሥርዓቱን አላጓደልኩም። እና የዚያን ቀን፣ ግብሬን ለሚወስን ሰው፣ ባልዲዎቹን ደበቅኩ፣ ምንጣፉን ዘረጋሁ፣ የጣዎሱን ጭራ ሳይቀር አቃናሁ። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፍቼ፣ "ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው" አልኩት።

ገባ። ምሳ አበላሁት። ሁለተኛ ጊዜም ጨመርኩለት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ የወጡን ስም ጠየቀኝ። ከዚያ ማንም ሳያስገድደኝ ምድር ቤት አወረድኩትና በገዛ እጄ የሠራሁትን መታጠቢያ ቤት አሳየሁት። "ይኼ በመዝገባችን የለም" አለ በመገረም። "አዎ፣ በእጄ ነው የሠራሁት" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ። ሲወጣ እጄን ጨብጦ፣ "በጣም ያማረ ቤት ነው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ በደስታ ስዘል ዋልኩ።

አዲሱ ግምት ሲደርሰኝ ያነበብኩት ቆሜ ነበር፤ የጨረስኩት ተቀምጬ ነው። ግብሩ እንዲህ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታዬ ከመብራትና ከመድኃኒት ተርፎ አይደርስበትም። ቤዛን ደወልኩላት። ቤዛ የምትኖረው ዌስተርቪል ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለእኔ ክፍል ካዘጋጀች ቆይታለች፣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀኛል።

"ዳድ፣ ገማቹን ሊተራሊ አበላኸው?" አለችኝ።

"ደጄ መጥቶ ምን ላድርግ?"

"ከውጭ ማየት ነበር የፈለገው።"

"እሱማ ትሑት ሰው ነው።"

"ጀስት ሴል ኢት ዳድ፣ ሽጠው። ና እኛ ጋ" አለች። ልጄ መልካም ልጅ ናት፤ ክፉ አልተመኘችልኝም። ግን እዚያ ሰፈር በእግር የሚሄድ ሰው የለም፤ ባለፈው ለአየር ወጣ ብዬ ስመላለስ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ፣ "ጠፍተው ነው?" አለችኝ። እዚህ ግን ፖስታ አድራሹ በስሜ ይጠራኛል፣ ጸጉር ቆራጩ ጸጉር እንደሌለኝ እያወቀ ይቆርጠኛል። የአስካለም እጅ ያረፈው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ፣ "ስብሰባ አለ፣ እናገራለሁ" አልኳት። "ስብሰባ" ስላት እናቷ ትተነፍስ እንደነበረው አድርጋ ተነፈሰች።

እና ሰም ወደሸተተኝ አዳራሽ ተመለስኩ። የሄንሪ ዘመን ስብሰባ እንዲህ ነበር፤ አንድ ሹም ከፊት ይቀመጣል፣ ሕዝቡ ይጮህበታል፣ ያልበዋል፣ መሐረቡን ያወጣል። አሁን ሠልጥኗል፤ የሚያልበው የለም። ግድግዳው ዙሪያ ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፦ መናፈሻ፣ መንገድ፣ ደኅንነት፣ ቤት፣ ወጣቶች። በር ላይ ክብ ክብ ባለቀለም ተለጣፊዎች ሰጡኝ። "ከተማው ገንዘቡን የት ቢያውል ይመርጣሉ? እዚያ ይለጥፉ" አሉኝ። አንዱን ወረቀት ሳይ ሌላውን ሳይ ዞርኩ። "ይልማን ቤቱ ውስጥ ተዉት" የሚል ወረቀት የለም። ተለጣፊዎቼን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ከስብሰባው በኋላ ስነሳ አንዱ ሱሪዬ ላይ ነበር፣ የት ቦታ እንደሆነ አልናገርም። የእኔ ምርጫ እንግዲህ በዚያ ተመዝግቧል።

የሚናገር ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ከፊት ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ስትሆን ተናገር፣ ቢጫ ስትሆን ጨርስ፣ ቀይ ስትሆን ተቀመጥ። መብራት እየለመንኩ የኖርኩ ሰው መጨረሻዬ በመብራት ሆነ። እንግሊዝኛዬ ደኅና ነው፤ ስናደድ ግን ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ አስተርጓሚ ጠየቅኩ፣ ሊያ የምትባል ያገራችን ልጅ መጣች። ቀን ኢስተን ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ ማታ እንዲህ ታስተረጉማለች።

"ጋሼ፣ ስለ ምንድነው የሚናገሩት?" አለችኝ ቀደም ብላ።

"ስለ ቤቴ።"

"ኦኬ፣ ሾርት ያድርጉት፤ ቀጥታ ወደ ነጥቡ።"

"አይዞሽ" አልኳት። ነጥቡን ለሳምንት በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

ስሜ ተጠራ። ተነሳሁ፣ ኮቴን አቃናሁ፣ አረንጓዴው በራ። ታዲያ ሰው ፊት ቆሞ ሰላምታ ሳይሰጥ ስለ ራሱ ቤት የሚጀምር ምን ዓይነት ሰው ነው? "የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የካውንቲ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ በቅድሚያ በዚህ ብርድ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ እኛን ለመስማት ስለመጣችሁ አክብሮቴ ላቅ ያለ ነው። ቤተሰቦቻችሁ እንደምን ናቸው? ይህን አዳራሽ ያሞቁልንን፣ ወለሉን ያጸዱልንን ወገኖች ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሴትዮ በጣም ግሩም ነገር ተናግረዋል፤ እሳቸውንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በመካከላችን የሌለው ጎረቤቴ ሚስተር ሄንሪ ወደዚህ አዳራሽ መጀመሪያ ያመጣኝ ጊዜ…" እያልኩ ሄድኩ። ጥሩ ሰላምታ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ለመተንፈስ ቆም ስል ሊያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለችና በእንግሊዝኛ፣ "እንደምን አመሻችሁ ይላሉ" አለች።

ቢጫው በራ።

"ጋሼ፣ ቤቱን፣ ቤቱን" አለችኝ በሹክሹክታ።

ደንግጬ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት፤ ግብሩ በዛ፣ ከቤቴ ልወጣ ነው፣ መብራቱን የለመንኩት እኔ ነኝ። የከተማዋ ተወካይ ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀችና፣ "የቤት ግምት የካውንቲው ነው፤ እኛ ዛሬ የመጣነው ስለ ከተማው በጀት ነው" አለች። ከጎኗ የተቀመጠው የካውንቲው ሰው ደግሞ፣ "ግምቱ የእኛ ነው፤ የግብሩ መጠን ግን በብዛት እናንተ ነዋሪዎች በድምፃችሁ ያጸደቃችሁት ነው" አለ። እውነቱን ነው። ለትምህርት ቤት ሲባል አዎ ብያለሁ፣ ለአረጋውያን አዎ፣ ለመካነ አራዊቱ ሳይቀር አዎ። ዝሆኖቹ በእኔ ድምፅ እየጠገቡ ነው እኔ የምፈናቀለው። የካውንቲው ሰው ግን ሊረዳኝ ፈልጎ ወደ ፊት ዘንበል አለ። "ጌታዬ፣ ምናልባት ገማቹ ያላየው የቤቱ ጉድለት አለ? ስንጥቅ፣ ውኃ፣ የመሠረት ችግር?"

የጉበት ቀለም በር ያላቸው ጎረቤቶቼ ዞረው አዩኝ። ፖስታ አድራሹ ያየኛል፣ ጸጉር ቆራጩ ያየኛል። የአስካለ ጣዎስ ዓይኔ ላይ መጣ። አንገቴን ቀና አደረግኩና፣ "የእኔ ቤት ምንም አይጎድለውም" አልኩ።

ይህችን ሊያ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ተረጎመቻት። ቀዩ በራ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሊያ እጇን ኮቷ ውስጥ ከትታ አጠገቤ ቆመች። "ጋሼ፣ የካውንቲው ሰው በሩን ከፍቶልዎት ነበር እኮ። ለምን ዘጉት?" አለች።

"በሰው ፊት ቤቴን ላማው?"

"በሰው ፊት ካላሙት ያጡታል። አፒል ማድረግ ይችላሉ፤ ፎቶ ይዘው ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ፊት ይቀርባሉ። ያለውን ጉድለት ማሳየት ብቻ ነው።" ከዚያ ፈገግ ብላ፣ "ሰላምታውን ደግሞ ቤት ጨርሰው ይሂዱ" አለች።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ቤዛ ፎቶ ልታነሳ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ሳሎኑን ጠረግኩ፣ ባልዲዎቹን በሳሙና አጠብኩ፣ ስንጥቁ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አበባ አስቀመጥኩ። ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አወረደች።

"ዳድ፣ ዊ ኒድ ኢት ቱ ሉክ ባድ፤ አስቀያሚ ይምሰል።"

"ፎቶ ነው እኮ፤ ለሰው የሚታይ።"

"ነጥቡ እሱ ነው እኮ።" አበባውን አንስታ ወሰደችብኝ። ከዚያ ሁለታችንም ጣዎሱ ፊት ቆምን። ማናችንም ቀድመን እጃችንን አልዘረጋንም። በመጨረሻ እኔ በአንድ ጫፍ እሷ በአንድ ጫፍ ይዘን አወረድነው። ስንጥቁን እንዲህ ፊት ለፊት ካየሁት ስንት ዘመኔ። ያኔ መጋረጃው ከመሰቀሉ በፊትም ሆነ በኋላ፣ አስካለ በየጊዜው ልትደፍነው ትሞክር ነበር፤ ለእኔም ሳትነግር የደፈነችበት ጊዜ እንዳለ ያወቅኩት አሁን ነው። መድፈኛው በተሰነጠቀ ቁጥር ሌላ ቀለም ደርባበታለች። ከዳር ዳሩ ላይ ሁሉም ይታያል፤ ቤት የገዛን ሰሞን የቀባነው ውኃ ሰማያዊ አለ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ቤቱን የሚቀባው የክሬም ቀለም አለ፣ አንድ ጊዜ በርካሽ ስላገኘነው ብቻ የቀባነው አረንጓዴ አለ፣ ለሳምንት ያህል እንደ ሆስፒታል ነበር የኖርንበት። ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ደግሞ ቢጫ አለ። ቤዛ ጣቷን ቢጫው ላይ አሳረፈች።

"ይኼ የእኔ ክፍል ቀለም ነው" አለች።

"ተርፎ ነበር። እናትሽ ምንም አትጥልም።"

ከዚያ ስልኳን አነሳችና ያለምንም አበባ፣ ያለምንም ምንጣፍ፣ ሁሉንም አነሳች። ስለ ዌስተርቪሉ ክፍል የዚያን ቀን አላነሳችብኝም፤ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ግን፣ "እኔም እመጣለሁ ቦርዱ ጋ። አንተን ብቻህን አልለቅህም" አለችኝ።

ቦርዱ ፊት የቀረብነው ዛፎቹ ሲያብቡ ነው። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጨዋ። ሰላምታዬን መኪና ውስጥ ለቤዛ ጨርሼ ነበር የገባሁት። ሰብሳቢዋ ፎቶዎቹን አገላበጠች፣ የበረንዳውን አየችና፣ "የሚያምር ቤት ነው" አለች።

"አመሰግናለሁ፤ የበረንዳውን ጣውላ በራሴ…" ከማለቴ ቤዛ ከጠረጴዛው ሥር በጫማዋ መታችኝ። ተረከዙ ሹል ነው።

"እሺ፣ ጉድለቱን ይንገሩን" አለች ሰብሳቢዋ።

ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ የዚያን ቀን አልከዳኝም፤ ምናልባት ስላልተናደድኩ፣ ስላፈርኩ ይሆናል። መሠረቱ በምሥራቅ በኩል እንደሚሰምጥ፣ ብርቱካኗ ሁልጊዜ ፍሪጅ ሥር እንደምትገኝ፣ ምድር ቤቱ በዝናብ ጊዜ እንደሚሞላና በባልዲ እንደምንቀዳ፣ ያ በእጄ የሠራሁት መታጠቢያ ቤትም ውኃው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መሄድ እንደማይወድ አልሸሸግኩም። ስንጥቁ ላይ ስደርስ ፎቶውን ወደ እነሱ ገፋ አደረግኩት። "ይኼን ግድግዳ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አንድም እንግዳ አላየውም። የቸርቻችን ሰዎች አላዩትም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ" አልኳቸው። ከሦስቱ አንዱ መነጽሩን አወለቀ። የአስካለን ስም ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር፤ አልጠየቁኝም፣ የእነሱ ሥራ አይደለም።

ውሳኔው በሰመር መጣ። ግምቱን ዝቅ አደረጉት፤ እንዲያው ሰው ደስ እንዲለው ያህል ሳይሆን፣ እንዲኖር ያህል። እስከሚቀጥለው ግመታ ድረስ ቤቴ ውስጥ ነኝ። የለመንኩት መብራት ከመስኮቴ ፊት ይበራል፣ ዛፉ ቅጠሉን እኔ ደጅ ያራግፋል፣ እኔም እየተነጫነጭኩ እጠርጋለሁ። የከተማው ሰዎች ለሚቀጥለው በጀት ስብሰባ ጠርተዋል። ምንም ነገር እንዳልለምን ቤዛ አስምላኛለች።

ውሳኔው የመጣ ሰሞን ቤዛ መጥታ ጣዎሱን መልሰን ስንሰቅል፣ ወንበር ላይ ቆማ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ "ዳድ፣ ቀጣዩ ገማች ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

አሰብኩበት። ደጁ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ ታየኝ። እጄ ገና ካሁኑ ወደ ምንጣፉ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ።

"በሩን አንቺ ትከፍቺለታለሽ" አልኳት። "እኔ ጓሮ ከባልዲዎቹ ጋር እደበቃለሁ። ከምሳው ግን ትንሽ አቅምሺው።"